መድን ብለው የቆረጡት ትኬት

«ሃያ ዘጠኝ ሆኛለሁ» አሉ ማማ ኖምቩላ፣ ባዶ የወተት ሣጥን ገልብጠው ከሱቁ ደጃፍ እየተቀመጡ። በለጥሽ ሳቅ አመለጣት። ሴትዮዋ ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሲቀመጡም ሲነሡም ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈው ነው። «ታድለው ማማ! ለእኔም መድኃኒቱን ይንገሩኝ» አለቻቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም። ስልካቸውን ከደረታቸው ውስጥ አውጥተው በፍርግርጉ በኩል ዘረጉላት። ፎቶግራፍ ነው። ከገበያ ማዕከሉ አጠገብ ያለው ቤቲንግ ቤት ግድግዳው ላይ የሰቀለው ሰሌዳ፣ ሁለት ስም ተጽፎበት ይታያል። ሲቢያ ሰባ አንድ፤ ኖምቩላ ሃያ ዘጠኝ። ምሕረቱ ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ በፍሬ የሚሸጠውን ሲጋራ ከፓኮው እያወጣ ይደረድር ነበር። እጁ ቆመ። አልሳቀም፤ ምንድን ነው ብሎም አልጠየቀም። ባሏ አለመጠየቁን በለጥሽ ያኔውኑ አየችው።

ቀኑ ሰኞ፣ ጥቅምት ሃያ ሁለት፣ የምርጫ ቀን ነው። እኛ አገር ቀበሌ የምንለውን ጆሃንስበርግ ዋርድ ይሉታል፤ ማማ ኖምቩላ ኮዝሞ ሲቲ በሚባለው ሰፈር የአንዱ ዋርድ ተወካይ ለመሆን ከየትም ፓርቲ ሳይሆኑ በግላቸው ቀርበዋል። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ወጥ ሠሪ ናቸው፤ ባላቸውን ጥር ላይ ኮሮና ወስዶባቸዋል። ቤታቸው መንግሥት የሰጣቸው ባለሁለት ክፍል ነው። ጋራዡን ራሳቸው አሠሩት፤ መኪና ግን ገብቶበት አያውቅም። ምሕረቱና በለጥሽ ከሆሳዕና መጥተው ይህን ጋራዥ በወር በአምስት ሺህ ራንድ ተከራይተው ሱቅ ካደረጉት ስድስት ዓመት ሆኗል። ከፊት ባንኮኒና የብረት ፍርግርግ፣ ከኋላው መደርደሪያ፣ ከመደርደሪያው ኋላ በመጋረጃ የተከለለ አልጋ፣ ከአልጋው ሥር የዱቄት ከረጢት። ከተማው በበሽታው የተዘጋ ጊዜ ማማ ኖምቩላ የሁለት ወር ኪራይ አልተቀበሉም። ባለፈው ሐምሌ ሱቅ ሲዘረፍ የሰነበተ ጊዜ ደግሞ በቤት ልብሳቸው ወጥተው ጋራዡ በር ላይ ወንበር አስደረጉና ተቀመጡ። ለመጡት ጎረምሶች «መጀመሪያ እኔን አንሡኝ» አሏቸው። የሚያነሣቸው አልተገኘም።

ተቀናቃኛቸው ሲቢያ የሚባል የብሎኬትና የሲሚንቶ ነጋዴ ነው። በየስብሰባው የሚናገረው አንድ ቃል ነው፤ ጋራዥ የመኪና ነው ይላል። ካሸነፈ በየጋራዡ የከተሙትን የውጭ ሰዎች ሱቆች አንድ ሳያስቀር አዘጋለሁ ብሏል።

«ሽማግሌዎቹን የሚያመላልስልኝ ታክሲ ነበረኝ» አሉ ማማ ኖምቩላ። «ባለቤቱ ይህን ሰሌዳ አየና ትናንት ደወለልኝ። ነዳጅ ተወደደ አለኝ። ነዳጅ የተወደደው ባለፈው ወር ነው።» ከዚያ ወደ ምሕረቱ ዞሩ። «ያንተ ባኪ ስንት ሰው ይይዛል?»

ባኪ የሚሉት ከኋላ ጭነት የሚይዘውን ትንሽ መኪና ነው፤ ምሕረቱ የሱቁን ዕቃ የሚያመጣበት ነው። «ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ስድስት ማማ» አለ። «ከኋላ ግን መቀመጫ የለውም።»

«ሣጥን ላይ ይቀመጣሉ። ስንቱ ዓመት ሙሉ መሬት ላይ ተቀምጧል።»

«እሺ ማማ።» እሺ ለማለት የቸኮለው ሴትዮዋ ቶሎ እንዲሄዱለት ነው።

ሰሌዳው እንዴት እንደሚሠራ በለጥሽ አታውቅም፤ ምሕረቱ ግን ያውቃል። በእጩው ስም ትኬት ይሸጣል። ሰውየው ካሸነፈ ትኬቱ አንድ ራንድ ያወጣል፤ ከተሸነፈ ተራ ወረቀት ነው። ገዢ የበዛለት ትኬት ይወደዳል፣ የሌላው ይረክሳል። ሃያ ዘጠኝ ሳንቲም ከተሸጠ ከመቶ ሃያ ዘጠኝ ዕድል አለው ማለት ነው ብሎ ሰፈሩ ያነበዋል፣ ፎቶ ያነሣዋል፣ በስልክ ይላላከዋል። ከሦስት ሳምንት በፊት ማማ ኖምቩላ ሃምሳ አራት ነበሩ። ማን እንዳወረዳቸው ከምሕረቱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። የሰፈሩ የሆሳዕናና የዱራሜ ልጆች እሁድ ከአምልኮ በኋላ የሚጥሉት እቁብ አላቸው። አሥር ሱቅ ነው፤ ዳኛው ምሕረቱ ነው። ሐሳቡን ያመጣው የበለጥሽ ታናሽ ወንድም ሽጉጤ ነበር። «ሲቢያ ካሸነፈ ሱቃችን ይዘጋል፤ ትኬቱ ግን ሌላ ቦታ ያቋቁመናል። ከተሸነፈ ትኬቱ ይቅርብን፤ ሱቃችን አለን። በሁለቱም በኩል አንወድቅም» አለ። ነገሩ ሲሰሙት ደግ ነው። አንዱ ብቻ ቁማር ነው ብሎ አጉረመረመ። ቤተ ክርስቲያናቸው ቁማር የነካን ሰው ከጌታ እራት ታግዳለች፤ ምሕረቱ ራሱ ሽማግሌ ሆኖ በዚሁ ጉዳይ ሰው ገሥጿል። ስለዚህ «መድን» አሉት። ስሙን ከለወጡለት በኋላ ለሁሉም ቀለላቸው። ሰው ሲታመም፣ ሬሳ ወደ አገር ሲላክ፣ ሱቅ ሲቃጠል አዋጥተው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ለክፉ ቀን አስቀድሞ ማዋጣት ከእነሱ ዘንድ ነውር ሆኖ አያውቅም። የአንድ ዙር እቁብ፣ አርባ ሺህ ራንድ፣ ሲቢያ ላይ ዋለ፤ በሺህ የሚቆጠረው ትኬት በሦስት ወረቀት ተጠቃሎ ተጻፈላቸው። ወስዶ የቆረጠው ምሕረቱ ነው፤ የሰው ገንዘብ የማይነካ እሱ ነው ተብሎ። ያ ገንዘብ ግድግዳ ላይ ወጥቶ እንደሚናገር ግን ከአሥሩ አንዱም አላሰበም።

ባኪውን ሲያዘጋጅ ሽጉጤ ከጓሮ መጣ። ሣጥኖቹ ከኋላ ሲደረደሩ አየ። «ጋሼ፣ ምን እያደረግክ ነው?» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የገዛ ገንዘባችንን ልታስበላ ነው?»

«ያንን ምንጣፍ አቀብለኝ።»

«ሌሎቹ ቢሰሙ ምን ይላሉ? ዳኛችን ለሌላው ወገን ሹፌር ሆነ አይሉም?»

«ምንጣፉን አልኩህ ሽጉጤ።»

ሽጉጤ ምንጣፉን ወረወረለት። በእጁ ግን አላቀበለውም።

የመጀመሪያዎቹ አሮጊቶች የመኪናውን ድምፅ ሲሰሙ መታወቂያቸውን በፕላስቲክ ጠቅልለው፣ የእሁድ ባርኔጣቸውን ደፍተው ከየበሩ ወጡ። ጎጎ ይሏቸዋል፤ አያት ማለት ነው። ምሕረቱ አንድ በአንድ በክንዳቸው ደግፎ ባኪው ላይ አወጣቸው፤ በለጥሽ የሰጠችውን ሳኒታይዘር እጃቸው ላይ አፈሰሰላቸው። ከፊት የተቀመጡት ወፍራሟ ጎጎ ገና በሩ ሳይዘጋ ጀመሩት። «ማይ ፍሬንድ፣ ዓመቱን ሙሉ ዳቦ ስታስወድድብኝ ከርመህ ዛሬ በነጻ ትነዳኛለህ? ነገ ስንት ልታደርገው አስበህ ነው?»

«ያው አሥራ ስድስት ነው ጎጎ።»

«ለእኔ አሥራ አምስት።»

«እሺ፣ አሥራ አምስት።»

«ሰማችሁ?» አሉ ጎጎ ወደ ኋላ በመስኮቱ እየጮኹ። «ምርጫ ጥሩ ነገር ነው! በየወሩ ይሁንልን!» ከኋላ ሣጥን ላይ የተኮለኮሉት ስድስቱ ሳቁ፤ መኪናው በሳቃቸው ተወዛወዘ። ምሕረቱም ሳቀ። ሲስቅ ራሱን ሰማና ተወ። ምርጫው የሚካሄድበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ በአጥሩ ጥግ ይዞራል፤ ሰው ከሰው እንዳይነካካ መሬቱ ላይ በኖራ ምልክት ተደርጓል፤ ሰዉ ግን በጥላው በኩል ተፋፍጓል። ከበሩ ውጭ አቆማቸው። ከዚያ ወዲያ የእሱ ቦታ አይደለም። ባኪው ላይ ተደግፎ ሲጠብቅ፣ የወጡት የግራ አውራ ጣታቸው ላይ የተቀባውን ቀለም እያነጻጸሩ ሲመጡ፣ አንዷ እንደ ሙሽራ ጣቷን ዘርግታ ስታሳየው፣ ደግ ሥራ የሚሠራ ሰው መሰለ። ያለፈ ያገደመው ሁሉ አውራ ጣቱን እያነሣ ሰላምታ ሰጠው። እሱ አንገቱን እየሰበረ መለሰ።

ሦስተኛው ዙር ላይ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ባባ ዝዋኔ ቤት ደረሰ። ባባ ዝዋኔ የድሮ የማዕድን ሠራተኛ ናቸው፤ በረንዳቸው ላይ ከዘራቸውን በጭናቸው መካከል ሰክተው ራዲዮ ይሰማሉ። ስማቸው ማማ ኖምቩላ በሰጡት ዝርዝር ላይ ከላይ ነው ያለው። ምሕረቱ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ «ሳውቦና ባባ» ብሎ በዙሉ ሰላም አላቸው፤ «መኪናው መጥቷል» አለ። አልተነሡም።

«ኖምቩላ ጥሩ ሴት ናት» አሉ። «ባሏም ወዳጄ ነበር። ግን እግሬን ታያለህ። ሁለት ሰዓት ቆሜ ለምትሸነፍ ሰው ድምፅ አልሰጥም። ሰሌዳውን ልጄ አሳይቶኛል።»

«ሰሌዳ ምን ያውቃል ባባ?»

«ሰሌዳው አያውቅም። ገንዘቡን ያስያዘው ሰው ግን ያውቃል። ሰው በማያውቀው ነገር ላይ ያን ያህል ብር አያወጣም። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ጉድጓድ ውስጥ ሠርቻለሁ። እኛ ከሥር ሆነን ስንቆፍር ባለገንዘቦቹ ከላይ ሆነው ድንጋዩ ውስጥ ያለውን ከእኛ በፊት ያውቁት ነበር።»

«እነዚህ እኮ ባለገንዘብ አይደሉም» አለ ምሕረቱ። ቃሉ አምልጦት ነው።

ባባ ዝዋኔ ቀና ብለው አዩት። ዓይናቸው የደከመ ነው፤ ቢሆንም አዩት። «አንተ በምን አወቅህ?»

ምሕረቱ ወደ መኪናው ዞር አለ። ከኋላው ባኪው ላይ የተጫኑት ሦስት ጎጎዎች ጨዋታቸውን ይዘዋል። ራዲዮው ማስታወቂያ ይለፈልፋል። አንድ ቃል ቢናገር ሽማግሌው ይነሣሉ፤ ይህን አወቀ። ያችው አንዲት ቃል ደግሞ ሰፈር ውስጥ ከወጣች ወዴት እንደምትሄድ አያውቅም። «እንዲያው ነው» አለ።

«እንዲያው ከሆነማ እንዲያው ተወኝ» አሉና ራዲዮውን ከፍ አደረጉት።

ከዚያ በኋላ በር መቁጠር ያዘ። አሥራ አንደኛው ጎዳና ላይ አንድ ባልና ሚስት መጋረጃ ገልጠው አይተውት መልሰው ዘጉ። አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ ወጥታ «ያለቀለት ነገር ነው ይላሉ» አለችው፤ እያዘነችለት ነው የነገረችው። አንዱ ጎልማሳ ሰሌዳውን ከስልኩ አውጥቶ እንደ ሐኪም ወረቀት አሳየው። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ የሚያውቁ ሰዎች አሉ። ምሕረቱ የሚያውቁትን ሰዎች እያንዳንዳቸውን ያውቃቸዋል። አንደኛው የስኳር በሽተኛ ነው። አንደኛው ባለፈው ዓመት ሱቁ ሁለት ጊዜ ተዘርፎበት ሌሊት ሌሊት ይባንናል። አንደኛው ምርጫው ስንት ቀን እንደሚፈጅ እንኳ አያውቅም፤ ሳምንት ይመስለዋል። እነዚህ ናቸው አዋቂዎቹ። እስከ ቀትር ድረስ ሰባት በር ተዘጋበት።

ቀትር ላይ እህል ለመቅመስ ወደ ሱቁ ተመለሰ። በለጥሽ እንቁላል በቲማቲም ጠብሳ፣ ዳቦ ቆርሳ ባንኮኒው ሥር ባለው ሣጥን ላይ አቅርባ ነበር። ሦስቱም፣ ባልና ሚስት ሽጉጤም፣ ከአንድ ሳህን ያነሡ ጀመር። ደንበኛ ሲመጣ በለጥሽ ትነሣለች፤ ግማሽ ዳቦ ስምንት ራንድ፣ ሁለት ፍሬ ሲጋራ አራት ራንድ፣ የአምስት ራንድ የስልክ ካርድ። ታስተናግድና ተመልሳ ትቀመጣለች። ሦስተኛ ጊዜ ስትመለስ ባሏን ሳታይ «እናንተ ናችሁ አይደል?» አለች።

ምሕረቱ ጉርሻውን ዋጠ። «የእቁቡ ገንዘብ ነው» አለ። «መድን ብለን ነው።»

«የዛሬ ሁለት ሳምንት እሁድ ዙሩ ተዛወረ ያልከኝ ይኼ ነው?»

«ይኼው ነው።»

ሽጉጤ መሐል ገባ። «እህቴ፣ እኛ እኮ በሳቸው ላይ አልመረጥንም። ድምፅ የለን። የራሳችንን ብር ነው የራሳችን ጉዳይ ላይ ያዋልነው።» በለጥሽ ወንድሟን ዞራ አላየችውም። እጇን በመጋረጃው ጫፍ ጠረገች። «በሐምሌ ወንበሩን አውጥቼ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ» አለች። የበሉበትን ሳህን አንሥታ ልታጥብ ወጣች፤ ምግቡ ገና አላለቀም ነበር። ምሕረቱ አባቱ ሰው ሲሰድቡ ከሁሉ የከፋ ብለው የሚናገሩትን ስድብ አስታወሰ። ወጪት ሰባሪ ይሉ ነበር። በልቶ በልቶ የበላበትን የሚሰብር። ልጅ ሆኖ ሲሰማው ምን ዓይነት ሰው እንዲህ ያደርጋል ብሎ ይገረም ነበር፤ ፊቱ ምን ይመስል ይሆን ይል ነበር። ከባንኮኒው መስታወት ውስጥ ማስቲካና ምላጭ ተደርድሯል፤ ከላዩ የእሱ ፊት አለ። ዓይኑን አነሣ።

ከሰዓት በኋላ አራት ጊዜ ተመላለሰ። በትምህርት ቤቱ ደጅ ጃንጥላ ሥር የማማ ኖምቩላ ቅስቀሳ ሴቶች ጠዋት ስድስት ነበሩ፤ አሁን አንዲት ቀርታለች። «ሌሎቹስ?» ቢላት «ልብስ ሊያጥቡ ሄዱ» አለችው። «የበዓል ቀን ነው፣ ዝም ብሎ አይባክንም ብለው።» ውኃ ሰጣት። አመሰገነችው። ያን ቀን የሰማቸው ምስጋናዎች እየተደራረቡ ደረቱ ላይ ከብደውት ነበር፤ ይህችኛዋ ግን ልትደፋው ደረሰች። መኪናውን አዙሮ በቀጥታ ማማ ኖምቩላ ወጥ ቤት ሄደ።

እግራቸውን ሳፋ ውስጥ ነክረው ተቀምጠዋል። ከበሩ ጀርባ የባላቸው ኮት አሁንም ተሰቅሏል። ጠረጴዛው የፕላስቲክ ልብስ ለብሷል፤ ለቅስቀሳ ሴቶቹ ተብሎ የተሠራ ገንፎና ዶሮ ሳይነካ ተከድኖ ተቀምጧል። ምሕረቱ ሦስቱን የትኬት ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «ማማ፣ ያ ገንዘብ የእኛ ነው» አለ። የሚያወሩት በተሰባበረ ዙሉና እንግሊዝኛ ነው፤ ይህን ለመናገር ግን ቃል አላጠረውም።

ማማ ኖምቩላ ትኬቶቹን አዩዋቸው፤ አልነኳቸውም። «ዓርብ ሰምቻለሁ» አሉ። «እዚያ ቤት ጽዳት የምትሠራው የእህቴ ልጅ ናት። ማስክ ያደረገ ሀበሻ ነው አለችኝ። ሁላችሁም ማስክ አላችሁ፤ የቱ ነው ብላት፣ ትኬቱን ተቀብሎ ለሻጯ ‹ጋድ ብለስ ዩ› ያላት ነው አለችኝ። ቤቲንግ ቤት ገብቶ ሰው የሚባርክ ከአንተ ሌላ ማን አለ?»

ፊቱ ጋለ። «ታዲያ እያወቁ ለምን እኔን ጠየቁኝ?»

«እምቢ ሊለኝ የማይችል ሰው ያስፈልገኝ ነበር። ልቡ የጸዳ ሰው ቢሆን ቀትር ላይ ደከመኝ ይል ነበር።»

«ፈርተን ነው ማማ። ሌላ አይደለም።»

«መፍራታችሁንማ አውቃለሁ። እኔ ብሆንም እፈራለሁ።» እግራቸውን ከሳፋው አወጡና ፎጣ ላይ አሳረፉት። «ግን ከደጄ ሆናችሁ፣ ሃያ እርምጃ መጥታችሁ፣ ፈራን አላላችሁኝም። ለግድግዳ ነገራችሁት። ግድግዳው ለሰፈሩ ነገረ።»

«ይቅርታ ማማ።»

«ለእኔ አትንገረኝ። እኔ ድምፄን ሰጥቻለሁ። በር ለዘጉብህ ሰዎች ንገራቸው።»

ምሕረቱ ቆመ። «የሀበሻ ገንዘብ ነው ብለው ከሰሙ ሱቃችንን ያቃጥሉታል» አለ።

«ሊያደርጉት ይችላሉ» አሉ። አልዋሹትም። ወንበሩን ዳግመኛ አወጣለሁ ብለውም ቃል አልገቡለትም። ትኬቶቹን በጣታቸው ጫፍ ወደ እሱ ገፋ አደረጉ። «ይህን አንሣ። ከተሸነፍኩ ያስፈልጋችኋል።»

ባኪው ውስጥ ገብቶ ቁልፉን ሳያዞር ብዙ ቆየ። ስልኩ ጮኸ፤ ሽጉጤ ነው፤ አላነሣውም። የእቁብ ዳኛ ሆኖ አምስት ዓመት ሲያገለግል ሌሎቹን ሳይጠይቅ የወሰነው አንድ ነገር የለም። የተጣሉ አስታርቋል፣ ዙር ያጓደለ ሰው አቃንቷል፣ ሁልጊዜ ግን ተሰብስበው፣ ጸልየው ነው። አሁን ቢሰበስባቸው ዝም በል እንደሚሉት ያውቃል። ቢጸልዩም ጸልየው ዝም በል ይሉታል። እሱም ደስ እያለው ዝም ይላል። ሞተሩን አስነሣ።

ባባ ዝዋኔ ከተቀመጡበት አልተነቃነቁም፤ ፀሐይዋ ብቻ ዞራ እግራቸው ላይ ደርሳለች። ምሕረቱ ከአጥሩ ውጭ አልቆመም፤ በሩን ከፍቶ ገብቶ ፊታቸው ቆመ። «ባባ፣ ጠዋት በምን አወቅህ ብለውኝ ነበር» አለ። «ገንዘቡ የእኔ ነው።»

ሽማግሌው ራዲዮውን አጠፉ። «ያ ሁሉ ያንተ? ዳቦ እየሸጥክ?»

ለአፍታ አዎ ሊል አሰበ፤ ሌሎቹን ለመሸፈን። «የአሥር ሱቅ ነው» አለ። «ይዞ ሄዶ የቆረጠው እኔ ነኝ።»

«ሲቢያ እንደሚያሸንፍ ማን ነገራችሁ?»

«ማንም።»

«የሰማችሁት ነገር የለም? ከላይ፣ ከቢሮ፣ ከፖሊስ?»

«ምንም የለም ባባ። ሱቃችንን ከዘጋው ብለን ፈርተን ነው። አዋጣን።»

ባባ ዝዋኔ ከዘራቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ። «ጠዋት ጠይቄህ ዋሸኸኝ።»

«ዋሸሁዎት።»

«በአንተ ምክንያት ቁጭ ብዬ ዋልኩ።» ከዚያ ወደ ቤት ውስጥ ጮኸው ኮታቸውን አስመጡ። ምሕረቱ ሊደግፋቸው እጁን ቢዘረጋ በከዘራቸው ገፉት። መኪናው ላይ ከፊት ከተቀመጡ በኋላ «ለማን እንደምመርጥ አልነግርህም» አሉ።

«አልጠይቅዎትም።»

«ለሲቢያ ልመርጥ እችላለሁ።»

«ይችላሉ ባባ።»

በመንገዱ ላይ ሌላ ሦስት በር አንኳኳ። አንዱ ሰደበውና ዘጋበት። ሕፃን የታቀፈችው ሴት አፏን በእጇ ይዛ ሰማችው፤ ልጁን ለእናቷ ሰጥታ ከኋላ ወጣች። ባልና ሚስቱ መጋረጃውን እንኳ አልገለጡም።

ትምህርት ቤቱ ጋ ሲደርሱ ፀሐይ ልትገባ አዘቅዝቃለች፤ ሰልፉ ከጠዋቱ ረዝሟል። ሥራ የዋሉት መጥተዋል፤ ታክተው ጥለው የሚሄዱም አሉ። ሽማግሌ እንደ መሆናቸው ባባ ዝዋኔን በቀጥታ ያስገቧቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ሰልፉ መሐል ሲደርሱ ቆሙ። ከዘራቸውን አንሥተው ምሕረቱን አመለከቱት። ጉድጓድ ውስጥ ሰው ሲጣራ የኖረ ድምፅ ነው፤ እስከ አጥሩ ጥግ ይሰማል። «የሚያውቁ ሰዎች አሉ ስትሉ አልነበር? ያውላችሁ! አዋቂው ይሄ ነው! እሱና ወንድሞቹ ናቸው ሰሌዳውን ያዞሩት። ምን ታውቃላችሁ ብለው ምንም አለኝ!» ይህን ተናግረው በበሩ ገቡ።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ ያየው ጀመር፤ ዳቦ የሚሸጥላቸው፣ ስማቸውን የሚያውቅ፣ እነሱ ግን ስሙን የማያውቁት ሰው። ቆብ ያጠለቀ ወጣት «እውነት ነው?» አለው። «እውነት ነው» አለ ምሕረቱ። «ስንት?» «አርባ ሺህ።» አንዱ አፏጨ። አንዲት ሴት ከኋላ «ሲቢያ ላይ?» አለች፤ «ላባርራችሁ ነው የሚላችሁ ሰው ላይ?» አንድ ሰው መሳቅ ጀመረ። ሳቁ በሰልፉ ላይ ከሰው ወደ ሰው እየዘለለ ሄደ፤ ያልሰማው የሰማውን ይጠይቃል፣ የሰማው ይነግረዋል፣ እሱም ይስቃል። ሁሉም አልሳቀም። አንድ ጎልማሳ ወደ ምሕረቱ እግር አጠገብ ምራቁን ተፋ። ጥለው ይሄዱ ከነበሩት ሁለት ሴቶች ቆመው ያዳምጡ ነበር፤ እርስ በርስ ተነጋገሩና ተመልሰው ከኋላ ተሰለፉ። ለማን ሊመርጡ እንደሆነ ማን ያውቃል።

የባኪው ቁልፍ እጁ ውስጥ ነው። መኪናው ደግሞ አሥር እርምጃ አይርቅም። ቢሄድ የሽማግሌ ቀልድ ነበር ብለው ይረሱታል፤ ነገ ዳቦ ሊገዙ ሲመጡ የሚያነሣው አይኖርም። ይህን እያሰበ ቆመ። ኪሱ ውስጥ ስልኩ እንደገና ይንቀጠቀጣል።

ቆብ ያጠለቀው ወጣት ከሰልፉ ወጥቶ መጣ። ስልኩን አንሥቶ ፊቱ ላይ ደገነበት። «ማይ ፍሬንድ፣ ያኛውን አልቀዳሁትም» አለው። «ማስኩን አውርድና ድገመው።»

ምሕረቱ ማስኩን ወደ አገጩ አወረደ። ጉሮሮውን ጠረገና ከመጀመሪያው ጀመረ።